ሃምሳውን ሎሚ ማን ያድላል? የልጆች የዋና ውድድርና የወላጆች ምሬት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ጽሑፉ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው ታርሟል።)



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ በኮሪደር አስቁሞኝ፣ «አንተ ደግሞ ዋና መቼ ተማርክ?» ሲል ጠየቀኝ። አልተማርኩም። ዛሬም ውሃው ከደረቴ ካለፈ እግሬ መሬት ይፈልጋል። ስለ ዋና ውድድር የማውቀውን ያወቅሁት ለምርምር ፈቃድ በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት፣ ትንሿ ልጄ በሰፈሩ የዋና ቡድን ስለ ተመዘገበች፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ ሰዓት ይዤ በመቆም ነው። የማስተምረው ሰዎች ስለሚመሠርቷቸው ማኅበራት ነውና የትምህርት መስኬን ሳላስበው እዚያ አገኘሁት። ራሴንም በጥፋተኛነት አገኘሁት። ዛሬ ስለ ሁለቱም እናገራለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ለልጆቻቸው ሲሉ በሌሊት የሚነሡ፣ ገንዘብና ጊዜ የማይሰስቱ ወላጆች ለጥቂት ቅዳሜዎች አብረው እንዲሠሩ ሲጠየቁ ስለ ምን ይህን ያህል ይማረራሉ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሎሚዎቹን የሚያድለው ማን እንደ ሆነ፣ የደረሰውንና ያልደረሰውንም የሚቆጥረው ማን እንደ ሆነ አይነግረንም። የወላጆቹ ምሬት የሚጀምረው ተረቱ ዝም ባለበት በዚህ ቦታ ነው።

የቅዳሜ ጠዋት ሥራ

በመጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ብዙ ሰፈሮች የየራሳቸው መዋኛ ገንዳ አላቸው። ገንዳው ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ይከፈትና በነሐሴ ማብቂያ ይዘጋል። እኛ ክረምት የምንለው ወቅት ለእነርሱ የሙቀትና የትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ነው። የሰሜን ቨርጂኒያ የዋና ሊግ እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ከ100 በላይ የሰፈር ቡድኖችን ያቅፋል። ቡድኖቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ በምድብ ስለሚደለደሉ፣ አንዱ ቡድን ከአምስቱ ጋር በአምስት ቅዳሜዎች ይገናኛል።

ልጆቹ በዕድሜ በአምስት ይከፈላሉ፦ 8 ዓመትና ከዚያ በታች፣ ከ9 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 18። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይወዳደራሉ። የዋናው ዓይነት ደግሞ አራት ነው፤ ነጻ ዋና፣ የጀርባ ዋና፣ የደረት ዋናና የቢራቢሮ ዋና። አምስት በሁለት፣ ሁለቱም በአራት ሲባዙ 40 ውድድር ይሆናል። በመጨረሻ የሚመጡትን የቅብብሎሽ ውድድሮች ገና አልቆጠርኩም።

አሠልጣኞቹ ይከፈላቸዋል። የቀረው ሥራ ሁሉ የወላጆች ነው። ዋና ዳኛ አለ፤ አስጀማሪ አለ፤ የእጅና የእግር እንቅስቃሴው እንደ ደንቡ መሆኑን፣ መታጠፊያውም በትክክል መነካቱን የሚመለከቱ ዳኞች አሉ። ትንንሾቹን ሰብስቦ በአግዳሚ ወንበር ላይ በየተራቸው የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ይህ ሰው ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ተራው በደረሰ ጊዜ ሽንት ቤት ይገኛልና። ውጤት በኮምፒዩተር የሚያስገባ፣ የሽልማት ሪባን የሚለጥፍ፣ ምግብ የሚሸጥ፣ ድንኳን የሚተክልና የሚነቅል አለ። ሰዓት ያዦችም አሉ። በስድስት መስመር ላይ ሦስት ሦስት ሰዓት ያዥ ሲቆም 18 ሰው ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ። ማንም ከጠዋት እስከ ቀትር በፀሐይ ቆሞ መቆየት ስለማይችል በእኩሌታው ላይ ሌሎች 18 ይተኳቸዋል።

ሦስት ሰዓት ለአንድ ልጅ

«ለአንድ ልጅ ሦስት ሰዓት ለምን?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄአለሁ። መልሱ የስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አንዱ ሰዓት 21.43፣ ሁለተኛው 21.51፣ ሦስተኛው 22.10 ሰከንድ አሳየ እንበል። ሦስተኛው ሰው ጣቱ ዘግይቷል። አማካዩን ብንወስድ 21.68 ይሆንና የአንድ ሰው መዘናጋት በልጁ ላይ ይጻፍበታል። ስለዚህ ደንቡ መካከለኛውን ቁጥር፣ ሜዲያን የምንለውን ይወስዳል፤ 21.51። አንዱ ቢሳሳት ሁለቱ ያርሙታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የሁለቱን አማካይ ከመውሰድ በቀር ምርጫ የለም፤ ያን ጊዜ አንድ ስህተት ግማሹ በውጤቱ ላይ ያርፋል።

ሰዓት ያዥ ሰዓቱን የሚያስነሣው የማስጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶ እንዳይደለ፣ ብልጭታውን አይቶ እንደ ሆነም እዚያ ተማርኩ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ትንንሾቹ ገንዳውን አንድ ጊዜ ብቻ ሲያቋርጡ አስጀማሪው በወዲያኛው ጫፍ፣ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ድምፁ እስኪደርስ ከሰባት መቶኛ ሰከንድ በላይ ያልፋል። ከዚህ ባነሰ ልዩነት አንደኛና ሁለተኛ ሲለዩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት ሥራው ቀልድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ነው፤ ባዶ ሲሆን ግን ይታያል።

የእኔ ጥፋት

በመጀመሪያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ የሁለተኛው እኩሌታ ሰዓት ያዥ ሆኜ ተመዝግቤ ነበር። የልጄ የመጨረሻ ውድድር አበቃ። በቅብብሎሹ ውስጥ አልነበረችም። ርቧታል፤ እኔም የሚጠብቀኝ ጽሑፍ ነበረኝ። ዙሪያዬን ስመለከት ሰው ሞልቷል። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ይይዘዋል» አልኩና ሰዓቱን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ሌላም አንድ ሰው እንደ እኔ አስቦ ኖሮ በአንዱ መስመር ላይ አንድ ሰዓት ያዥ ብቻ ቀረ። ዋና ዳኛው ሳይሟላ አላስጀምርም አለ። በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ሩብ ሰዓት አለፈ። ቅብብሎሹ እንደ ተጀመረ ነጎድጓድ ተሰማ። ነጎድጓድ ከተሰማ ገንዳው ባዶ ይሆናል፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው። ሲጠብቁ እንደገና አጉረመረመ። ከሳምንት በላይ ርክክብ ሲለማመዱ የሰነበቱ ልጆች ፎጣ ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያ ሩብ ሰዓት ባይባክን ቢያንስ ትንንሾቹ ይዋኙ ነበር።

ሰኞ ዕለት የግዴታ ሰዓታቸውን ያልፈጸሙ ቤተሰቦች ዝርዝር በኢሜይል ደረሰን። ስሜን እየፈራሁ ፈለግሁት፤ የለም። በመመዝገቢያው ላይ ስለ ተጻፍኩ እንደ ሠራሁ ተቆጥሮልኛል። በዝርዝሩ ላይ ያገኘሁት ሌሊት ታክሲ የሚነዳ የአገሬን ልጅ ስም ነው። ያገኘሁት ዕለት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ጋሼ፣ ድንኳኑን የሚተክለው ማን መሰለዎት?» አለኝ። «ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚህ እመጣለሁ። ሰው ሲመጣ ወንበሩ ሁሉ ተደርድሮ ያገኘዋል። መመዝገቢያው ማታ ሲከፈት እኔ መሪ ላይ ነኝ፤ ስገባ ሁሉም ተይዟል። አሁን ሰነፍ ተባልኩ።» በእርግጥም በየቅዳሜው ንጋት በ12 ሰዓት እዚያ ነበር። ድንኳን መትከል ግን በመመዝገቢያው ላይ አልነበረም።

ይህን ነገር ለሃያ ዓመታት ካነበብኋቸው መጻሕፍት ይልቅ ያ ዝርዝር አስተማረኝ። ሸሽቶ የሄደው ሰው ንጹሕ ተባለ፤ ሲሠራ የነበረው ባለዕዳ ሆነ።

ምሬቱ ከየት ይመነጫል?

ማንከር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የጋራ ተግባርን አመክንዮ በሚመለከት መጽሐፉ፣ ሰዎች የጋራ ጥቅም ስላላቸው ብቻ ለዚያ ጥቅም አይሠሩም ሲል ተከራክሯል። ቡድኑ እየበዛ ሲሄድ የአንዱ ድርሻ አይታይም፤ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ ሳይከፍሉ መሳፈር ይበዛል። የእኔ አካሄድ የዚህ ቀጥተኛ ምሳሌ ነው። የባለታክሲው ነገር ግን ኦልሰን አይበቃውም። በገንዳው ዳር የሰማሁት ምሬት ሁሉ ስለ ሰነፎች ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ምንጮች ነበሩት።

የመጀመሪያው የማይታይ ሥራ ነው። አስተባባሪዋን፣ ራሷም የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን፣ ጥፋቴን ልናዘዝላት ሄድኩ። አልተቆጣችም። ይልቁን በዚያ ዓመት የገዛ ልጇን አንድም ጊዜ ሲዋኝ እንዳላየች ነገረችኝ፤ በየቅዳሜው ጀርባዋን ለገንዳው ሰጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ነበረችና። እርሷ ወላጆቹ አይረዱኝም ትላለች፤ ባለታክሲው እርሷ አትረዳኝም ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ድካም የሚያይበት መስኮት አልነበረም።

ሁለተኛው የመጨረሻ ሰዓት ለውጥ ነው። አሠልጣኙ ሐሙስ ዕለት ዋናተኞቹን ይደለድላል። ዓርብ ማታ አንድ ቤተሰብ «ልጃችን ነገ አይመጣም» ሲል ይጽፋል። በዚያ ልጅ ቦታ ሌላ ይገባል፤ ሌላው ከነበረበት ይነሣል፤ ቅብብሎሹ ይፈርሳል። ለጻፈው ቤተሰብ አንድ መስመር መልእክት ነው፤ ለአስተባባሪዋ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅ ሥራ ነው። መልእክቱን የሚልክ ሰው ዋጋውን አያየውም። ስለዚህ በክፋት እንዳደረገው መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ብዙ ቡድኖች ከየቤተሰቡ ማስያዣ ይቀበላሉ፤ ግዴታውን ያልፈጸመ ማስያዣውን ያጣል። ነገሩ ፍትሐዊ ይመስላል። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ግን እንድንጠነቀቅ ያደርገናል። ጥናቱ የተካሄደው በእስራኤል፣ በሃይፋ ከተማ በ10 የሕጻናት መዋያዎች ነው። ከእነዚህ በስድስቱ ልጁን ዘግይቶ በሚወስድ ወላጅ ላይ 10 ሰቅል ቅጣት ተጣለ። የዘገዩት ወላጆች ቁጥር አልቀነሰም፤ ጨመረ፤ እጥፍ ገደማም ሆነ። ቅጣቱ ሲነሣ እንኳ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከቅጣቱ በፊት መዘግየት በመምህሯ ፊት የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ ከቅጣቱ በኋላ የሚገዛ አገልግሎት ሆነ። በእኛም ገንዳ አንድ አባት «እኔ ከፍዬ ጨርሻለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ውሸት አልተናገረም። ደንቡ ግዴታውን በዋጋ ተምኖለታል።

እድራችን የሚያውቀው

እዚህ ላይ ኤሊኖር ኦስትሮም ታስፈልገናለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ሥራዋ የጋራ የግጦሽ መሬትን፣ መስኖንና የዓሣ ማስገሪያን ለረጅም ዘመን ያለ ጥፋት ያስተዳደሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ የሚጋሯቸውን ስምንት መርሖች ለይታለች። ከእነዚህ መካከል ለገንዳችን የሚጠቅሙት አራት ናቸው፦ አባሉ ማን እንደ ሆነ መታወቁ፤ በደንቡ የሚገዙ ሰዎች ደንቡን በማውጣት መካፈላቸው፤ ቁጥጥሩ በአባላቱ ዓይን መሆኑ፤ ቅጣቱም ከቀላል ጀምሮ በደረጃ መክበዱ።

ይህን ሳነብ ስለ እድር የተጻፈ መሰለኝ። በእድር አባሉ በመዝገብ ይታወቃል። ጥሪው የሚደርሰው በጡሩምባ ነው፤ በሌሊት የሚሠራም ሆነ ማንበብ የማይችል እኩል ይሰማል። ድንኳን መትከል ሥራ ነው፤ በተራ ይመደባል፤ ይቆጠራል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ነገር ግን ቅጣቱ ቀብር ላለመውጣት ፈቃድ አይደለም። ገንዘቡን የከፈለ ሰው በማግስቱ ጎረቤቱን ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ የእርሱም ቀን እንደሚመጣ ያውቃል። ደጋግሞ ከቀረ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ወደ አባልነት ይሸጋገራል። በሃይፋ ቅጣቱ ዕፍረቱን ሲተካ፣ በእድር ግን ዕፍረቱ ከቅጣቱ ጋር አብሮ ይቆማል።

እድርን ለማሞገስ አልመጣሁም፤ በእድር ስብሰባ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚባክን ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞም ሞት ሁሉንም ያስተካክላል፤ የዋና ውድድር እንዲህ ያለ ክብደት የለውም። የማነጻጽረው ድልድሉን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓመት

በቀጣዩ ዓመት አስተባባሪዋ ተሰናበተች። ማንም ሊተካት ስላልፈለገ ሥራዋ ለአራት ሰዎች ተከፈለ፤ እኔም አንዱ ሆንኩ። ባለታክሲው በመጀመሪያው ስብሰባ ከሥራ በፊት መጥቶ ተናገረ። አራት ነገሮች ተለወጡ። ድንኳን መትከልና መንቀል፣ ወንበር መደርደር፣ ቆሻሻ ማንሣት በመዝገቡ ላይ ገቡ። መመዝገቢያው በኢሜይል ብቻ መሆኑ ቀርቶ በገንዳው በር ላይ ለአንድ ሳምንት ተሰቀለ። አዲስ ወላጅ ከነባር ጋር ተጣምሮ እንዲቆም ተደረገ። ሰዓት ያዥም ሰዓቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳይሆን ለሚተካው ሰው በእጁ ሰጥቶ እንዲሄድ ተወሰነ። የመጨረሻውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ግን በዚያ ስብሰባ ለመናገር አልደፈርኩም። ዛሬ ተናገርኩ።

ምሬት ጠፋ አልልም። ዓርብ ማታ መልእክት መምጣቱ አልቀረም፤ የሚያጉረመርምም ነበር። ባዶ መስመር ግን አላየንም፤ ያ የሰኞ ዝርዝርም ከዚያ ወዲያ አልተላከም።

ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ አንድ ማኅበር ስትሄዱ ሰዎች ይማረሩላችኋል። ምሬቱን እንደ ጫጫታ አትለፉት፤ መረጃ ነው። ማን ተማረረ ብቻ ሳይሆን፣ መዝገቡ ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር ጠይቁ። ሰነፍ የተባለውን ሰው ከመጻፋችሁ በፊት ንጋት ላይ ሂዱና ድንኳኑን ማን እንደሚተክል ተመልከቱ።



ከተሳታፊ የቀረበ ጥያቄና መልስ

*ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ችግር ካለ ለምን ሠራተኛ ቀጥረው አይገላገሉም?*

አስተያየቱ በስብሰባችን ላይም ተነሥቷል። ሁለት ነገር እንመልከት። አንደኛ፣ በየቅዳሜው ይህን ሁሉ ሰው መቅጠር መዋጮውን ያንረዋል፤ ቀድመው የሚወጡት እንደ ባለታክሲው ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። ሁለተኛው የሚቆጠር ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ግድግዳውን ነክቶ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው የሰዓት ያዡን ፊት ነው። «ስንት ገባሁ?» ይላል፤ ሰዓቱን ዝቅ አድርጋችሁ ታሳዩታላችሁ። በሁለተኛው ዓመት የባለታክሲው ልጅ በመስመሬ ዋኝቶ እንዲሁ ጠየቀኝ። ስሙን አውቄ በስሙ መለስኩለት። በመጀመሪያው ዓመት ትቼው የሄድኩት ወንበር የማን ልጅ መስመር እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።